ለብዙ እንግዳ የሚበቃ የበዓል ማጣጣሚያ በአነስተኛ ወጪ

የገና በዓል ሲቃረብ በከተማችን በሚገኙ የንግድ ቤቶች ሁሉ ሁለት ሥራ ይደራረባል። አንደኛው የበዓሉን ገበያ ማስተናገድ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ አብረው የደከሙትን ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው ሰብስቦ መጋበዝ ነው። ስለ ምግቡና ስለ መጠጡ ሁሉም አስቀድሞ ያስባል፤ ከምግብ በኋላ ስለሚቀርበው ማጣጣሚያ ግን የሚታሰበው ዘወትር በመጨረሻው ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን የታሰበ ነገር ደግሞ፥ ነጋዴ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በውድ ዋጋ የሚገዛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የተማረው በራሱ ኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 120 ለሚሆኑ የሱቅና የመጋዘን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ግብዣ ባደረገ ጊዜ፥ ክብር መስሎት በክሬም የተሸፈኑ ትልልቅ ቶርታዎችን አሠርቶ አቀረበ። ዋጋቸው የአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ያህል ነበር። ግብዣው የተደረገው ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ስለ ነበረ፥ ከተጋባዦቹ የሚበዙት የነቢያትን ጾም ገና አልፈጸሙም። አዘጋጁ የጾም ወጥ ማሠራቱን ሳይዘነጋ፥ ቶርታው ቅቤ፥ ወተትና እንቁላል ያለበት መሆኑን ግን ፈጽሞ አላሰበም። ስለዚህ ሕፃናቱ ሲበሉ ወላጆቻቸው ተቀምጠው ተመለከቱ፤ የተረፈውም በማግሥቱ ተበላሽቶ ተጣለ። በዕድሜ የገፉት የዘበኛችን ባለቤት ሊሰናበቱ ሲነሡ፥ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ለከርሞ ግን ለእኔ ይንገሩኝ። መጀመሪያ የሚጾመውን ቆጥረን ነው ዱቄት የምንገዛው» አሉት። በዓመቱ ሥራው ለእኚሁ እናት ተሰጠ። ከዚህ በታች የሚነበበው ከዚያ ግብዣ የተገኘ ትምህርት ነው።

ለብዙ ሰው የሚቀርብን ማጣጣሚያ ውድ የሚያደርጉት፥ ከዱቄቱና ከስኳሩ ይልቅ፥ ቅቤው፥ ክሬሙና እንቁላሉ ናቸው። ከእነዚህም በላይ ውድ የሚያደርገው የሚጣለው ትራፊ ነው። እንግዲህ ያለ ቅቤ፥ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የተሠራ ጣፋጭ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ወጪው ያነሰ ነው፤ የሚጾመውም የማይጾመውም፥ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ አንሥቶ ሊበላው ይችላል። ሳይበላሽ የሚቆይ ስለ ሆነም ከዋዜማው ይሠራል፤ ቢተርፍም በወረቀት ተጠቅልሎ ለልጆች ይላካል። ለዚህ የሚስማሙ ሦስት ዓይነቶችን ከነልካቸው እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ቦምቦሊኖ ነው። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት 150 ግራም ስኳር፥ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፥ ትንሽ ጨው፥ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። የተፈገፈገ የብርቱካን ልጣጭ ቢጨመርበት የእንቁላሉን መጉደል ማንም አያስተውለውም። ሊጡ በደንብ ታሽቶ እጥፍ እስኪሆን ድረስ ኩፍ ካለ በኋላ፥ 45 ግራም እየተመዘነ ቢድቦለቦል 40 ያህል ይወጣዋል። ዘይቱ በሚገባ ሳይግል ሊጡ ከገባ ዘይት ይመጣል፤ ይህም ጣዕሙንም ኪስንም ይጎዳል። ቁራሽ ሊጥ ተጥሎ ወዲያው አረፋ እያወጣ ሲንሳፈፍ መጥበስ ይጀመራል።

ሁለተኛው በድሬዳዋና በሐረር ቤቶች እንደሚዘወተሩት ጣፋጮች በስኳር ሽሮፕ የሚርስ የሰሞሊና ቂጣ ነው። አንድ ኪሎ ሰሞሊና ከግማሽ ኪሎ ስኳር፥ ከሩብ ሊትር ዘይት፥ ከ600 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂና ውሃ፥ ከ15 ግራም ቤኪንግ ፓውደር ጋር ይደባለቅና 20 ደቂቃ ያርፋል። ከዚያ ርዝመቱም ወርዱም 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ላይ ተዘርግቶ፥ በ180 ዲግሪ ሙቀት 40 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ሽሮፑ አንድ ኪሎ ስኳር በሦስት ሩብ ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ ተፈልቶ የሚዘጋጅ ሲሆን፥ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ሊጨመርበት ይገባል፤ ሎሚው ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ይከላከላል። ሽሮፑ ቀዝቅዞ፥ ቂጣው ግን ገና ከምድጃ እንደ ወጣ በላዩ ይፈሳል። በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ሲቆረጥ ከአንድ ትሪ 64 ቁራሽ ይገኛል።

ሦስተኛው የሰሊጥ ጣፋጭ ነው። የሁመራና የወለጋ ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ከአገር ከሚወጡት ታላላቅ ሸቀጦች አንዱ መሆኑን ላኪዎቻችን ያውቃሉ፤ ነገር ግን በጥሬው ተጭኖ የሚሄደው ይኸው እህል በገዛ ማዕዳችን ላይ የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ሰሊጥ በለሰለሰ እሳት ይታመሳል። አንድ ኪሎ ስኳር በጥቂት ውሃና በሎሚ ጭማቂ ቀልጦ የማር መልክ ሲይዝ ሰሊጡ ይገባበታል፤ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ተዳምጦ ሳይደርቅ ይቆረጣል። ከዚህ ልክ 20 ግራም የሚመዝን 120 ቁራሽ ይወጣል። የፈላ ስኳር ክፉኛ ስለሚያቃጥል በዚህ ሥራ ጊዜ ሕፃናት ከማድቤት መራቅ አለባቸው።

አሁን ሒሳቡን እናጠቃልል። ለ120 እንግዳ ለእያንዳንዱ አንድ ቦምቦሊኖ፥ አንድ ቁራሽ የሰሞሊና ቂጣና አንድ ቁራሽ ሰሊጥ ለማዳረስ ሦስት ኪሎ ዱቄት፥ ሁለት ኪሎ ሰሞሊና፥ አንድ ኪሎ ተኩል ሰሊጥ፥ አራት ኪሎ ተኩል ስኳርና፥ የመጥበሻው ጭምር፥ አራት ሊትር ያህል ዘይት ይበቃል። ጣፋጭ ለማይወድ እንግዳ ተቆርጦ ሎሚ የተጨመቀበት ሙዝና ፓፓያ ይቀርባል፤ ሎሚው ሙዙ እንዳይጠቁር ያደርጋል። ዋጋውን አንባቢ በራሱ ሱቅ ዋጋ ደምሮ ከቶርታው ዋጋ ጋር ያስተያየው።

ይህ ሁሉ ልክ ግን የሚያገለግለው በሱቅ የሚሸጠው ዕቃ ደኅና ሲሆን ነው። እርሾና ቤኪንግ ፓውደር ጊዜ ያለፈባቸው ወይም እርጥበት የገባባቸው እንደ ሆነ፥ በበዓል ዋዜማ የአንዲት እመቤት ድካምና ገንዘብ ከነሊጡ ይጠፋል፤ ያንን ሱቅም ዳግመኛ አትረግጠውም። ፈተናው ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ወዲያው ካልገነፈለ ኃይሉ አልቋል። እርሾም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ስኳር ተበጥብጦ በ10 ደቂቃ ውስጥ አረፋ ካላወጣ ሞቷል። ባለሱቅ ከበዓሉ በፊት ከየካርቶኑ አንዳንድ እሽግ ከፍቶ ቢሞክር የሚያጣው እጅግ ጥቂት ነው።

አስመጪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ከውጭ በሚመጣው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የአሠራር መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተዘጋጀ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ፈጥኖ ይነፋል፥ ኬክም ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። ስለዚህ በመመሪያው ከታዘዘው ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ያህል መቀነስ ይበጃል፤ ከዚህ በላይ ለሰሞሊናው 15 ግራም ብቻ ያልነውም ስለዚሁ ነው። ይህን በአማርኛ አሳትሞ በእሽጉ ላይ የሚለጥፍ አስመጪ ከፍ ያለ ወጪ ሳያወጣ ደንበኛ ያፈራል።

ከቤት ችግር ተነሥቶ ታላቅ ንግድ የሆነ ነገር ቀድሞም አለ። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የነበረው አልፍሬድ በርድ፥ እንቁላልና እርሾ ለማይስማማት ባለቤቱ ሲል፥ በ1837 እ.ኤ.አ. ያለ እንቁላል የሚሠራ የካስተርድ ዱቄት፥ በ1843 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር አዘጋጀ። ለአንዲት ሴት ማዕድ የታሰበው በኋላ በየአገሩ ሱቅ ተደረደረ። በአገራችንም በዓመት ብዙ ቀን የሚጾም ሕዝብ ሳለ፥ ለጾም የሚሆን ጣፋጭ በትንንሽ እሽግ አዘጋጅቶ ለገበያ ማቅረብ ለደፋር ነጋዴ ክፍት የሆነ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ለባለሱቆች አንድ ማሳሰቢያ እናቀርባለን። ወንጂ ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳር ከቤታችን ሸቀጦች ሁሉ ዋነኛው ሆኗል። በበዓል ሰሞን ስኳርን ከመደርደሪያ አንሥቶ ዋጋ እስኪወደድ መሸሸግ የአንድ ሳምንት ትርፍ ያስገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ግማሽ ኪሎ ለመግዛት መጥታ ባዶ እጇን የተመለሰች እናት ዓመቱን ሙሉ ታስታውሰዋለች። ዱቄቱን፥ ስኳሩንና እርሾውን በትንሹ እየመዘነ፥ በትክክለኛ ሚዛንና በወቅቱ የሚሸጥ ነጋዴ በብዙ ቤት ግብዣ ላይ ድርሻ ይኖረዋል።

ለአንባቢዎቻችን ሁሉ መልካም የልደት በዓል እንመኛለን።