ፈገግታው የት ሄደ?

ያሱጂሮ ኦዙ ጃፓናዊ የፊልም አዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ቶኪዮ ተወለደ፤ በ1963፣ 60 ዓመት በሞላው ዕለት አረፈ። የበርካታ ፊልሞቹ ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ ልጅ ትዳራለች፣ ወላጅ ብቻውን ይቀራል። «ምንም አይፈጠርበትም» ብለው ከመሃል የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው፤ እኔ ደግሞ እንደ እሱ ፊልም ውስጤን የሚያንቀሳቅሰው የለም።

በ1949 የሠራውን «የፀደይ ማብቂያ» እንውሰድ። ኖሪኮ ሚስቱ ከሞተችበት አባቷ ጋር ካማኩራ ትኖራለች። 27 ዓመቷ ነው፤ አባቷን ትታ ማግባት አትፈልግም። እሱም ለእሷው ብሎ «እኔም ላገባ ነው» ሲል ይዋሻታል። እያዘነች እሺ ትላለች፤ ከሠርጉ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ወደ ኪዮቶ ይሄዳሉ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው ጎን ለጎን ተኝተዋል። ኖሪኮ አባቷ ሊያገባ ነው በመባሉ ስለተሰማት ቅሬታ ልትነግረው ትጀምራለች፤ መልስ የለም፣ እንቅልፍ ወስዶታል። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ፈገግ ትላለች። ቀጥሎ የምናየው አንድ የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ከኋላው በወረቀት የተሠራው መስኮት ላይ የቀርከሃ ጥላ አርፏል። ወደ ፊቷ ስንመለስ ፈገግታው የለም፤ እንባዋ ሊመጣ ነው። እንደገና ያው ማስቀመጫ፣ አሁን ወደ 10 ሰኮንድ ያህል።

ፊልሙን አብሬ ያየሁት ሰው ሁሉ «ማስቀመጫው ምንን ይወክላል?» ይለኛል። ምሁራንም ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ ግን እንቆቅልሽ ፍለጋው ዋናውን ነገር ያስረሳል ባይ ነኝ። ኖሪኮ ማስቀመጫውን እያየችው ስለመሆኑ እንኳ ማረጋገጫ የለንም። ፈገግታው ወደ እንባ ሲለወጥ አለማየታችንን ግን ልብ በሉ። ለውጡ የተፈጸመው እኛ ማስቀመጫውን ስናይ ነው። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ካሜራውን አስጠግቶ እንባዋ ጉንጯ ላይ እስኪወርድ ይጠብቅ ነበር፤ እኛም አዝነንላት እናልፍ ነበር። ኦዙ ግን በዚያች ቅጽበት ብቻዋን ተዋት። ምን እንዳሰበች የምናውቀው ከአንድ ሰዓት በላይ አብረናት ስለቆየን፣ ሳቋንም ኩርፊያዋንም ስለለመድነው ነው።

ስለዚህ ፍጥነት ጨምረው ወይም «እዚህ ጋ ምንም የለም» እያሉ ወደፊት እያሳለፉ የሚያዩትን እቆጣለሁ። የዘለሉት ያንኑ 10 ሰኮንድ ነው። ስልክም ለዚያች ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

«ኦዙ ካሜራውን ወለል አጠገብ ተክሎ አያንቀሳቅሰውም» የሚባለውም በከፊል ብቻ ልክ ነው። ዝቅ ማድረጉና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ መውደዱ እውነት ነው። ነገር ግን ኖሪኮ ከአባቷ ረዳት ጋር በባሕር ዳርቻው መንገድ ብስክሌት ስትነዳ ካሜራው አብሯት ይበራል። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ እየቆጠበ ስለሚያወጣው ደስታዋ ይጋባብናል።

ሠርጉን አያሳየንም፤ ሙሽራውንም እንደዚሁ። የሚያሳየን አባትየው ባዶ ቤት ገብቶ ፖም ሲልጥ ነው፤ ልጣጩ ረዝሞ ይወርዳል፣ እጁ ይቆማል፣ አንገቱን ይደፋል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠቁሙት በ1953 የወጣውን «የቶኪዮ ታሪክ» ነው። እኔ ግን ከ«የፀደይ ማብቂያ» ጀምሩ፣ ከዚያ በ1951 የወጣውን «የበጋ መግቢያ» አስከትሉ እላለሁ። በሦስቱም ሴትሱኮ ሃራ ኖሪኮ የምትባል ሴት ሆና ትተውናለች፤ ኖሪኮዎቹ ግን ሦስት የተለያዩ ሴቶች ናቸው።