ከማድሪድ የተመለሰው ፊልም

ጥቁር አሜሪካውያን በድምፅ አልባው የሲኒማ ዘመን ያዘጋጇቸውና የተወኑባቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ የኦስካር ሚሾ «በደጆቻችን ውስጥ» ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ዲሬክተር ካዘጋጃቸው ረጅም ፊልሞች መካከል እስከ ዛሬ የቆየው ቀዳሚው ሥራም ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የምንሻው ፊልሙ ከጥፋት የዳነበትን መንገድና የዳነበትን ዋጋ ነው።

ሚሾ ፊልሙን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 1920 በቺካጎ ነበር። በዚያችው ከተማ በ1919 በጋ በተነሣው የዘር ግጭት 38 ሰዎች ሞተዋል። ኤቭሊን ፕሪየር የምትጫወታት ሲልቪያ ላንድሪ፣ በደቡብ ላለ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ ሰሜን የምትጓዝ መምህርት ናት። ፊልሙ አሳዳጊዎቿ በነጮች መንጋ ያለ ፍርድ ተሰቅለው ሲገደሉ በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ የከተማይቱ ሳንሱር ሁከት ያስነሣል በሚል ሥጋት መጀመሪያ ከለከለው። ኩ ክላክስ ክላንን ያሞገሰው የግሪፊዝ «የአንድ ሕዝብ ልደት» ግን ከ1915 ጀምሮ በአገሪቱ በሰፊው ታይቶ ነበር።

የሚሾ ፊልም ለብዙ ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን ኖረ። በኋላ አንድ ቅጂ በማድሪድ፣ በስፔን የፊልም ቤተ መዛግብት፣ «ላ ኔግራ» በሚል ስም ተገኘ። ድምፅ አልባ ፊልም ወደ ውጭ ሲላክ በትዕይንቶቹ መካከል የሚነበቡት ጽሑፎች በተቀባዩ አገር ቋንቋ ይተኩ ነበርና፣ በዚህ ቅጂ ላይ የቀሩት የእንግሊዝኛ ጽሑፎች አራት ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 ፊልሙን ሲያድስ ስፓኒሹን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አስተረጎመ፤ የጎደለውንም ክፍል በአጭር ማብራሪያ ተካው። «ያልተሸነፈው ምልክት» የተሰኘው ሌላው የ1920 ሥራውም የተገኘው በቤልጅግ፣ በፈረንሳይኛና በፍላማንኛ ጽሑፎች ታጅቦ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምናየው ምስል የሚሾ ነው፤ የምናነበው ቃል ግን በአብዛኛው የተርጓሚ ነው። ይህን ለይቶ መናገር የሥራውን ክብር አይቀንስም፤ ተመራማሪው ለደራሲው የሚከፍለው ዕዳ ነው። በስደት የምንጽፍ እኛም ከዚህ የምንማረው አለ፤ የአንድ ሕዝብ ሥራ በባዕድ ስም ተመዝግቦ በባዕድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ጠፍቷል ከማለታችን በፊት፣ በሌላ ስም የት ሊኖር እንደሚችል መጠየቅ ይገባናል።