ባትሪን በትንሽ ጄኔሬተር ስለ መሙላት

ለመስክ ጥናት ከከተማ ርቀው ድንኳን የተከሉ ጓደኞቻችን ቤንዚን ሲያልቅ ጥናቱም እንደሚያልቅ ያውቃሉ። እኛም የውሃ ናሙና የያዘ ማቀዝቀዣ በመኪናችን ኹለት ባትሪዎች እናሠራ ነበር። እያንዳንዱ ባትሪ 12 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት፣ ጄኔሬተሩ 1,000 ዋት፣ ቻርጀሩም እስከ 40 አምፔር የሚሰጥ ነበር። አዋሽ ላይ ያለ ችግር ሠራ። ስሜን ተራራ፣ ሳንቃበር ላይ ግን ቻርጀሩን በሰካን ቍጥር ጄኔሬተሩ ጥቂት አጕረምርሞ ይጠፋል። በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዣው ቆመ፤ ናሙናውም ተበላሸ።

ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ጣልን። ኋላ ግን ስናሰላው ሞተሩ በደል እንደሌለበት ተረዳን። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጕልበቱ 3.5 ከመቶ ያህል ያጣል። አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነውና 880 ዋት ያህል ቀርቶልን ነበር፤ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ሳንቃበር ግን የቀረን 630 እንኳ አይሞላም። ቻርጀሩ በ14.4 ቮልት 40 አምፔር ሲሰጥ 576 ዋት ይሆናል፤ በሙቀት የሚያባክነው ሲታከልበት ከጄኔሬተሩ የሚፈልገው ወደ 680 ይደርሳል። በቻርጀሩ ላይ 25 አምፔር የሚል ማዞሪያ ነበረ፤ አልነካነውም።

ይልቁንም ባትሪውን በጄኔሬተሩ የ12 ቮልት መሰኪያ ላይ አገናኘነው። ይህ መሰኪያ የሚሰጠው 8 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ማቀዝቀዣው ራሱ ግማሹን ስለሚወስድ ለባትሪው የተረፈው 4 አምፔር ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤንዚን አቃጥለን ያገኘነው ይህን ነው!

ሌላም የሳትነው ነገር ነበር። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሲሆን ብዙ አምፔር ይቀበላል፤ 80 ከመቶ ገደማ ከሞላ በኋላ ግን የሚቀበለው እያነሰ ይሄዳል። ባትሪዎቻችንን ከግማሽ እስከ 80 ከመቶ ለማድረስ 60 አምፔር-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህም በ25 አምፔር ኹለት ሰዓት ተኩል ነው። የቀረው 40 አምፔር-ሰዓት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ ሞተሩም ለጥቂት አምፔር ሲል ይጮኻል። ስለዚህ ጄኔሬተሩን ባትሪው በጣም በሚጐድልበት በማለዳ አስነሥቶ፣ 80 ላይ አጥፍቶ፣ የቀረውን ለፀሐይ ሰሌዳ መተው ይሻላል። ሰሌዳ የሌለው ከተማ ሲመለስ ፈጽሞ ይሙላው፤ ጐዶሎ ሆኖ ሳምንታት የቆየ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ የተጋገረው ሰልፌት ይጠነክራልና።

ሊቲየም ባትሪ የያዙ ይህ ችግር የለባቸውም፤ እስኪሞላ ድረስ አምፔሩን ይቀበላል። ነገር ግን ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጐዳል፤ ስለዚህ በውርጭ ማለዳ ፀሐይ እስክታሞቀው መጠበቅ ነው።

ስለ ሽቦው፦ ቻርጀሩ ከባትሪው አጠገብ በአጭርና በወፍራም ሽቦ ይቀመጥ። ረጅሙ ሽቦ በ220 ቮልቱ በኩል ይሁን፤ በዚያ በኩል የሚባክነው ጥቂት ነው። ጄኔሬተሩም በዚሁ ሽቦ ከድንኳኑ ርቆ፣ ነፋስ ጭሱን ወደ እንቅልፈኞች በማያመጣበት በኩል ይቆማል።