የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ይባላል። አባባሉ ለወንዝ ሙላት ቢነገርም ለመጠጥ ውሃም ይሠራል። አብዛኞቻችን ውሃ ቀድተን ጥርት ብሎ ከታየን «ይኼማ ንጹሕ ነው» ብለን እንጠጣለን። መጥራትና መንጻት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በለንደን ከተማ የደረሰው ነው። በብሮድ ስትሪት ሰፈር የነበረ አንድ የጉድጓድ ውሃ በጥራቱና በጣዕሙ የተወደደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራ ገብቶ በዚያ አካባቢ በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በየሟቾቹ ቤት እየዞረ ቢያጣራ፣ አብዛኞቹ የጠጡት ከዚያ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። በኋላ ሲቆፈር፣ የቆሻሻ ጉድጓድ ከውሃው አጠገብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይሰርግ ኖሯል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የእነዋሪ አካባቢ መሬት ዋልካ ነው። ስንዴውንና ጤፉን የሚያበቅለው ይኸው ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ ወንዙንና ምንጩን ያደፈርሳል። የዋልካ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው፤ በዚያም ላይ ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ውሃው በእንስራ ቢያድርም ቶሎ የማይጠራው ለዚህ ነው።

ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብም ችግሩ ይኸው ድፍርስ ነው። ታዲያ በማጣሪያው ጣቢያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ እንደ ሸብ ያለ ኬሚካል ይጨመርና ደቃቁን ጭቃ ያያይዘዋል። የተያያዘው ጭቃ ይዘቅጣል። ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ይጣራል። ክሎሪን የሚገባው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ጀርሙ ከጭቃው ይሸሸጋል፣ ክሎሪኑም በቆሻሻው ላይ ያልቃል።

በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ይህንኑ ቅደም ተከተል መያዝ ይቻላል፦

ሀ/ ውሃውን አሳርፎ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ማጥለል። ይህ ያጠራል እንጂ አያነጻም።

ለ/ ማፍላት። እነዋሪ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ቢሆንም ለ3 ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ ጀርሞቹ ይሞታሉ።

ሐ/ ማገዶ ካጠረ፣ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መቆየት። ጃርዲያንና አሜባን ግን ክሎሪን በቀላሉ አይገድላቸውም፤ ለእነዚህ ማፍላት ይሻላል።

መ/ ይህም ከታጣ፣ የጠራውን ውሃ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማጋደም። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ያስፈልጋል።

የነጻውም ውሃ ጣሳ እየተነከረ ከተቀዳ መልሶ ይበከላል። ስለዚህ አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ እየተደፋ ይቀዳ።

ይሁን እንጂ ከማንጻት ይልቅ አለማቆሸሹ ይቀላል። ምንጭ ሲጎለብት ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ይታነጽና ውሃው በቧንቧ ይወጣል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ ለከብት የሚሆነው ገንዳ ከበታቹ ይሠራል። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል መሆን አለበት። ሽቅብ ከተሠራ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚታጠበው ወደ እንስራችን ነው።

ይህ ጉዳይ እኛን ሰልጣኞችን በተለይ ይመለከተናል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ቧንቧ ላይኖር ይችላል። ተማሪው በእረፍት ሰዓት ሮጦ የሚጠጣው ከቅርቡ ምንጭ ነው። በተቅማጥ የታመመ ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፤ ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ደብተር ስናርም «ጎበዝ» እያልን፣ የሚጠጣውን ውሃ ግን ዞር ብለን ሳናይ ብንቀር ምኑን አስተማርን?

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ በተመደብንበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ምንጩ እንውረድ። ውሃውን ከማየታችን በፊት ግን ከምንጩ በላይ ምን እንዳለ ወጥተን እንይ።