ጽዋው ማን ቤት ቀረ?

የጽዋ ማኅበር ባለበት ቤተሰብ አድገው ከሆነ ይህ ጥያቄ ለጆሮዎ አዲስ አይሆንም። በሰፈራችን በወሰን በየወሩ በ12 የሚጠጣ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለ፤ እናቴም ከ20 ዓመት በላይ ማኅበርተኛ ናት። ጸሎት ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀመሰ በኋላ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ቤት ይሄዳል። የካቲት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. የሄደው ጽዋ ግን ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከሄደበት ቤት አልወጣም።

መነሻውን ያስታውሱታል። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም መጨባበጥም ተከለከለ። ሚያዝያ 11 የዋለውን ፋሲካ ብዙዎቻችን ከቴሌቪዥን ፊት ሆነን አሳለፍነው። ከአንድ ጽዋ ተራ በተራ ለሚጎነጭ ማኅበር ደግሞ ከዚህ የከፋ በሽታ ሊመጣ አይችልም።

ክልከላው ግን አለፈ። በ2013 ጥምቀት በአደባባይ ተከበረ፣ ሠርጉም ቀጠለ። ታዲያ ማኅበሩ ለምን ተኝቶ ቀረ? ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ደንበኛ ከራቀ ይረሳል ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ነበር፤ ማንም አልረሳም። ጽዋው ቤታቸው የቀረው እናት ባለቤታቸው ሥራ አቁመው ነበር፤ የጤፍና የዘይቱን ዋጋ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ከመቋረጡ በፊት ድግሳችን በየወሩ እየጨመረ ዶሮና ክትፎ፣ ለስላሳ በሳጥን ደርሶ ነበር። (አንዷ ድንኳን እስከ መትከል ደርሳለች።) እንደዚያ መደገስ ስላልቻሉ አፍረው ዝም አሉ። ሌሎቹም “ሲጠሩን እንሄዳለን” ብለው ጠበቁ። በዚህ መሃል ሁለት ማኅበርተኞች ዐረፉ፤ አንዷ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሄደች።

ዝምታውን የሰበሩት የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋዊት። አንድ ቀን ድፎ ዳቦ በመሶብ አሸክመው የእኒያን እናት በር አንኳኩ። ስለ ድግስ አላነሡም። “ጽዋውን ልሳለም መጣሁ” ብቻ ነው ያሉት። ሴትየዋ ካለቀሱ በኋላ ሁለቱ ቡና እየጠጡ ደንቡን አወጡ፦ አንድ ዳቦ፣ አንድ ዓይነት ወጥ፣ ጠላ። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሰው ትርፉን ለታመመና ለተቸገረ ወደ ሳጥኑ ይጨምር።

ኅዳር 12 ቀን 2015 ተሰበሰቡ። ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ግን ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ሁለቱ ሟቾች ቤት ሄዱ። በዚያ ዘመን ቀብራቸው ላይ የቆመው ጥቂት ሰው ስለነበር ልቅሶው እንደ ዕዳ ቀርቶ ነበር። የአንደኛዋ ልጅ በሩን ከፍቶ አሥራ ምናምን እናቶች ሲያይ የሚለው ጠፍቶት “ግቡ” ማለት እንኳ ረሳ። እናቴ ስለዚያ ቀን ስታወራ ስለ ምግቡ አንድም ቃል አታነሣም። ጠላውም ከጽዋው ወደየራሳቸው ስኒ እየተቀዳ ነው የጠጡት፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

የእርስዎ ወይም የወላጆችዎ ማኅበር ከተበተነ ጽዋው ማን ቤት እንደቀረ ይጠይቁ። በቴሌግራም ግሩፕ “መቼ እንጀምር?” ብሎ መጻፍ አይሠራም፤ እኛ ሞክረን 14 የጸሎት እጅ ምልክት ብቻ መጣልን። በእግር ይሂዱ። ቢቻል ልጆችዎን ይዘው፤ የእጅ ውሃ ማስታጠብ የሚማሩት እዚያ ነውና። ባዶ እጅ መሄድ ከከበደዎት ዳቦ ይበቃል፤ ውድ ነገር ከወሰዱ ግን ሰውየውን መልሰው እዚያው ሐፍረቱ ውስጥ ይከቱታል።

በሚቀጥለው ወር ተረኛዋ እናቴ ናት። ትናንት “ዶሮ አንድ ብቻ ብንጨምርበትስ?” ብላ ለሙሴዋ ስትደውል ሰማኋት። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር፦ “ሽሮሽን ሥሪ!”