አሥራ አንድ ሰዎች

ቨርጂኒያ ውስጥ ለአንድ የአካባቢ ምርጫ የሠራነው ጥናት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። 600 መራጮችን በስልክ ጠይቀን ውጤቱን ስናስረክብ የቅስቀሳው ኃላፊ ዓይን «አፍሪካ የተወለዱ» የሚለው መስመር ላይ አረፈ። «ኢትዮጵያውያኑ ከእኛ ጋር አይደሉም» አለ። በዚያ መስመር ያሉት 11 ሰዎች ናቸው፤ ሰባቱ ተቀናቃኙን እንመርጣለን ብለዋል። ስንቱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ መጠይቁ አልጠየቀም። ያም ሆኖ በአማርኛ ሊታተም የነበረው በራሪ ወረቀት በዚያው ሳምንት ተሰረዘ። አጥብቄ አለመከራከሬ ይቆጨኛል።

ከገጹ ግርጌ የምንጽፈው «የስህተት ህዳግ 4 ነጥብ» የሚያገለግለው 600ዎቹ በአንድነት ሲቆጠሩ ነው። ለ11 ሰዎች ህዳጉ 30 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። ተቀናቃኙን የሚደግፉት ሲሶ ያህል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከአሥር ዘጠኙም ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ስናገር ደንበኞቼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ወዲያው ግን «ወጣት ሴቶቹስ? ከኮሌጅ ያልተመረቁትስ?» ብለው ሠንጠረዡን እንደገና ይሸነሽኑታል። በተሸነሸነ ቁጥር በእጃቸው የሚቀረው ሰው እያነሰ ይሄዳል።

የመሪነት ነገርም እንዲሁ ነው። በ600 ሰው ጥናት በሁለት እጩዎች መካከል ላለው ልዩነት ህዳጉ 8 ነጥብ ያህል ነው። ባለፈው ወር በ1 ነጥብ፣ ዛሬ በ3 ነጥብ መምራት ምንም ለውጥ እንዳለ አያሳይም። እነሱ ግን «ማስታወቂያችን ሠራ» ብለው ተጨማሪ የቴሌቪዥን ሰዓት ይገዛሉ። ሲመሩ ቁጥሩን ይዘው ለጋሾች ዘንድ ይሮጣሉ። ሲበለጡ «ህዳጉ ውስጥ ነን» ይላሉ፤ ህዳጉ ወደ ታችም እንደሚወስዳቸው አያነሱም።

«እንግዲያው ብዙ ሰው ጠይቁ» የሚሉኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመልሶለት ላንደን ያሸንፋል አለ። ተቀናቃኙ ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። እህል የሚገዛ ሰው ከኬሻው አናት ብቻ አይዘግንም፤ አናቱን አሥር ጊዜ ቢዘግንም ከሥር ያለውን አያውቅም። ዛሬ ችግሩ ስልክ የማያነሳው ሰው ነው። ፒው የምርምር ማዕከል በ1997 በስልክ ከሞከራቸው 36 በመቶው መልስ ሰጥተውት ነበር፤ በ2018 መልስ የሰጡት 6 በመቶው ብቻ ናቸው። በግርጌው የተጻፈው ህዳግ ዝም ያሉትን አይቆጥርም።

የዊስኮንሲን ግዛት በ2016 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ያስተማረን ይህንኑ ነበር። ጥናቶቹ ሂላሪ ክሊንተን እንደምትመራ ያሳዩ ነበር፤ የፓርቲዋ እጩ ከሆነች በኋላ ግዛቱን ሳትረግጥ ከ23,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ተሸነፈች። ብዙዎቹ የግዛት ጥናቶች ከኮሌጅ የተመረቁ ሰዎች ከድርሻቸው በላይ መልስ መስጠታቸውን አላስተካከሉም ነበር።

አሁን ከ100 ሰው በታች ያለበትን መስመር ከሠንጠረዡ አወጣለሁ። ደንበኞቼ ይቆጣሉ፤ «የከፈልንበት ነው» ይላሉ። ስለ ኢትዮጵያውያን መራጮች ማወቅ የሚፈልግ ለብቻው ናሙና ያውጣ፤ አማርኛና ትግርኛ የሚናገር ጠያቂ ይቅጠር፤ የታክሲውና የሆስፒታሉ የማታ ሠራተኛ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ይደውል። ዋጋው ከተሰረዘው በራሪ ወረቀት ይበልጣል፤ ይህንንም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እናገራለሁ።