አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚረግጥ ጎማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደናክል የሚወርድ ላንድክሩዘር በአንድ ጉዞ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ መሬቶችን ይረግጣል። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገድ አለ። ከዚያ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ እስከ ሰመራ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት አስፋልት ይቀበለዋል። ዋናውን መንገድ ሲለቅ ጠጠርና አሸዋ ይመጣል፤ ወደ ኤርታ አሌ ሲጠጋ ደግሞ ጠርዙ ጎማ የሚቀድ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዐለት ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዱ መሬት ለብቻው የተሠራ የተሻለ ጎማ ይገኛል። ነገር ግን መንገድ በተለወጠ ቁጥር ወርዶ አራት ጎማ የሚቀይር ሾፌር የለም። ኦል ቴሬን የሚባለው፣ በገበያ አጠራሩ ኤቲ ጎማ፣ ይህን ሁሉ በአንድ እግር እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው።

ወንድሞቹን ካወቅን እርሱን ማወቅ ይቀላል። ኤችቲ የሚባለው የአስፋልት ጎማ ጥርሱ የተጠጋጋ፣ ቦዩ ጠባብ፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ኤምቲ ማለትም የጭቃው ጎማ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ ይቆፍራል፣ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ኤቲ በመካከላቸው ይቆማል። መሀል ላይ ያሉት ጥርሶች እርስ በርስ ተያይዘው አስፋልቱ ላይ ሰፋ ያለ ማረፊያ ይሰጣሉ፤ ወደ ትከሻው የወጡት ደግሞ የላላ አፈር ይቧጥጣሉ። በየጥርሱ ላይ የተበጁት ቀጫጭን ስንጥቆች እርጥብ መንገድ ለመያዝ ናቸው። በብዙዎቹ ቦይ ወለል ላይ የሚታዩት ትናንሽ ጉብታዎችም የተሰካ ጠጠር ጠልቆ እንዳይበሳ ወደ ውጭ ይገፉታል።

ይህ ጎማ እንዲኖር ራዲያል መቅደም ነበረበት። በድሮው ጎማ የክሩ ድርብርቦች በሰያፍ ስለሚጠላለፉ ጎኑ በታጠፈ ቁጥር መርገጫውም አብሮ ይኮማተር ነበር። ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ራዲያል ክሮቹን ከቸርኬ ጠርዝ እስከ ቸርኬ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ዘረጋቸውና ከመርገጫው ሥር የብረት ሽቦ መቀነት አስታጠቃቸው። ጎኑ ለብቻው ይለመጣል፤ መርገጫው ግን ጠፍጣፋ እንደሆነ መሬቱን ይይዛል። ቢኤፍ ጉድሪች እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን አሠራር ከሻካራ ጥርስ ጋር አጣምሮ ራዲያል ኦል ቴሬን ቲኤ የተባለውን አወጣ። ዛሬ በየጎማ መሸጫው የምናያቸው የልዩ ልዩ ኩባንያ ኤቲዎች የተከተሉት ያንኑ መንገድ ነው።

እኔ በእነዚህ ጎማዎች ለዓመታት ደጋና ቆላ ተመላልሻለሁ። ሰው ሊገዛ ሲሄድ የሚያየው ጥርሱን ነው፤ ጥርሱ ሻካራ ከሆነ ጎማው ጠንካራ ይመስለዋል። ጎማውን ለዓመታት የሚያኖረው ወይም በአንድ ከሰዓት የሚገድለው ግን በውስጡ ያለው አየር መሆኑን ለማስተዋል ረጅም ጊዜ አብሮ መኖር ይጠይቃል።

አስፋልቱን አስቀድሜ ልናገር፤ አብዛኛው ኪሎ ሜትር የሚያልቀው እዚያ ነውና። ኤቲ አዲስ ሲሆን የሚሰማው ድምፅ መጠነኛ ነው። የሚያስቸግረው ቆይቶ ነው። የጥርሱ አንድ ጫፍ ከሌላው ይልቅ ሲበላ ጎማው ማንጎራጎር፣ ከዚያም ማጉረምረም ይጀምራል፤ ኩሽኔታ ተበላ ብለው መኪናውን ጋራዥ የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው። መድኃኒቱ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ከኋላው ማዘዋወር ነው። የነዳጅ ፍጆታም ከፍ ይላል፤ ጎማው ይከብዳልና። በክረምት ዝናብ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከኤችቲ ይልቅ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ይህን የማያውቅ ሾፌር የጥርሱን ሻካራነት አምኖ የፊተኛውን መኪና ይጠጋል፤ እዚህ ላይ ነው ኤቲ የሚያታልለው።

አሁን ወደ አየሩ። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየን በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ በሚለው በደናክል ሜዳ ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 35 የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ ታች ሲደርስ 31 ያህል ይነበብ ነበር። ሙቀቱ ግን ይለወጣል። በ10 ዲግሪ ብርድ ጠዋት የተሞላ አየር በ30 ዲግሪ ጠዋት ሲለካ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ይጨምራል። ውጤቱ 34 አካባቢ ነው፤ ጎማው አገር አቋርጦ ወርዶ ከተነሣበት ብዙም አልራቀም። ወደ ባሌ ቢወጣም እንዲሁ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቴ አምባ የውጭው ግፊት ወደ 9 ስለሚወርድ መለኪያው ሁለት ያህል ይጨምራል፤ የአምባው ብርድ ደግሞ አብዛኛውን ይወስደዋል። ደጋው የጨመረውን ብርዱ ይቀንሰዋል፤ ቆላው የቀነሰውን ሙቀቱ ይመልሰዋል። ይህ የአገራችን መልክዓ ምድር ለሾፌሩ ያደረገለት ትልቅ ውለታ ይመስለኛል።

አደጋው ያለው ሙቀቱ ከከፍታው ውጪ ሲመጣ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ሲሮጥ የዋለ ጎማ በራሱ መለመጥ ይሞቅና 4፣ 5፣ አንዳንዴም 6 ፒኤስአይ ይጨምራል። አዋሽ ላይ በቀትር ቆሞ ይህን አይቶ «በዛ» ብሎ ያስተነፈሰ ሾፌር በማግስቱ ጠዋት የጎደለ ጎማ ይዞ ይነሳል። መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። ፋብሪካው በሾፌሩ በር መቃን ላይ የለጠፈው ቁጥርም ለቀዝቃዛ ጎማ የተጻፈ ነው።

አየር አውቆ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከአስፋልት ውጭ የኤቲ ትልቁ ምስጢርም እሱ ነው። ስድስት መቶ ኪሎ የተሸከመ አንድ ጎማ በ35 ፒኤስአይ መሬቱን የሚነካው በግምት በ240 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 18 ቢወርድ ማረፊያው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የሚጨምረውም ከወርዱ ይልቅ በርዝመቱ ነው። አሸዋ ላይ የሰመጠ መኪና ሰው ሳይገፋው የሚወጣው በዚህ ነው። እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ፒስታ ላይም ወደ 26 አካባቢ ማውረድ ባሌስትራውንም የተሳፋሪውንም ወገብ ያሳርፋል፤ የላላው ጎማ ለስለታም ጠጠር ስለሚለመጥለትም ጠጠሩ ጥርሱን ቶሎ አይፈረፍረውም። ቅልጥ ዐለት ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። አየሩ በጣም ከቀነሰ ጎኑ ያብጥና ለዐለቱ ስለት ይጋለጣል፤ መርገጫው ብዙ ሽፋን ሲኖረው ጎኑ የሚበዛው ሁለት ወይም ሦስት ንብርብር ክር ብቻ ነው። እዚያ ላይ በመጠኑ ቀንሶ በእግር የሚሄድ ሰው እየመራ ቀስ ማለት ይሻላል።

አየር የቀነሰ ሰው ወደ አስፋልት ሲመለስ ሳይሞላ መሮጥ የለበትም። ስለዚህ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካም ሆነ ከባትሪው ጋር የሚያያዝ አነስተኛ ኮምፕሬሰር ከክሪኩ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ይለመጣል፤ መለመጡ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ከሽቦ መቀነቱ ያላቅቀዋል። ይህ በዓለም ፊት የታየው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ሲሰበስብ ነው። ከነዚያ መካከል ዊልደርነስ ኤቲ የተባለው ይገኝበት ነበር፤ ብዙዎቹ የተገጠሙትም በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር። በአሜሪካ ከ200 በላይ ሰዎች ከሞቱባቸው አደጋዎች ጋር ተያይዘዋል። ፎርድ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሳዑዲ ዓረቢያና በአጎራባች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጎማዎቹን መለወጥ ጀምሮ ነበር። ምክንያቱ ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች ብዙ ተካሰዋል፤ የጎማው አሠራርም፣ ፎርድ ያዘዘው 26 ፒኤስአይም፣ የአገሩ ሙቀትና ፍጥነትም ተነስቷል። አሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ አየር ሲጎድል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው በሕግ ያስገደደችው ከዚህ በኋላ ነው።

ኤቲ የማይችለውም አለ። በበቾ ወይም በአድዓ ሜዳ ክረምት የጠገበ ዋልካ ላይ የገባ ሰው ያውቀዋል። ዋልካው ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ ስለሆነ የኤቲን ቦዮች በጥቂት ዙር ደፍኖ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ኤምቲ ክፍተቱ ሰፊ ነውና ጭቃውን እየወረወረ ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጥልቁን አይችልም። ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ከማጥለቅ አልፎ ፋይዳ የለውም። ሰንሰለት ማሰር፣ ወይም ፀሐይ ወጥታ ገጹ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። የሐረና ጫካ ቀይ አፈር ግን ኤቲን አያሳፍረውም፤ ያንሸራትታል እንጂ እንደ ዋልካ አይጣበቅም።

ሊገዛ የሚሄድ ሰው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይልመድ። 265/65 አር 17 የሚለው ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ አሠራሩ ራዲያል፣ ቸርኬው 17 ኢንች መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ 112 ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። ሙሉ ጭነትና የጣራ በርሜል ይዞ ለሚወጣ መኪና ኤልቲ የሚል ምልክት ያለበትን፣ ጎኑ የወፈረውን እመርጣለሁ፤ የግራር እሾህም የአፋር ዐለትም የሚያጠቁት ጎኑን ነው። ጎሚስታ መርገጫ ላይ የተበሳውን ከውስጥ ለጥፎ በደንብ ይመልሳል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ተለጥፎ ወደ አስፋልት ፍጥነት መመለስ የለበትም። ከፍታ ለማግኘት ወደ 265/70 የሚያልፉም አሉ። ዙሩ በ3 በመቶ ከፍ ስለሚል ፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው በእውነት ከ103 በላይ እየሄደ መሆኑን ያስታውሱ።

ዕድሜውም ጎኑ ላይ አለ። ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 3521 ማለት እ.ኤ.አ. የ2021 35ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢተርፍም ላስቲኩ በሙቀትና በፀሐይ ይደርቃል፤ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። በዚህ ሚዛን በብዙ መኪና ላይ የሚፈራው መሬት ነክቶ የማያውቀው ስኮርታ ነው። አምስቱንም ጎማ በዙር የሚያዘዋውር ሰው እኩል ይጨርሳቸዋል። ይህን ለማይችል፣ ከመስክ ጉዞ በፊት ስኮርታው ይውረድ፣ ቀኑ ይነበብ፣ አየሩ ይለካ። በፒካፕ ሆድ ሥር የተሰቀለ ከሆነ ማውረጃ ሰንሰለቱም ዝጎ እንዳልተያዘ ከተማ ውስጥ እያለን ይፈተሽ፤ ጥቂት ቅባትና የጋራዥ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።